አድራሻውን ያጣው ሰርቨር፦ መብራት ሲመለስ በኮምፒውተር መረብ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው «ጳውሎስ» ሠፈር የሚሄድ መንገደኛ የወረዳም ሆነ የቤት ቁጥር መያዝ አያስፈልገውም። የታክሲው ረዳት «ጳውሎስ! ጳውሎስ!» እያለ ሲጣራ ሰምቶ መሳፈር ይበቃዋል። ሠፈሩን በመላ አገሪቱ ያሳወቀው በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተውና በኋላ ከኢትዮጵያ ሚሌኒየም ጋር ተያይዞ የሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተበት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉን ተከትለውም ክሊኒኮች፣ መድኃኒት ቤቶችና ላቦራቶሪዎች በአካባቢው በርክተዋል።

በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ መሰል ክሊኒኮች አንዱን በምናባችን እንወስዳለን። ክሊኒኩም ሆነ በውስጡ የሚታዩት ሰዎች ለማስረጃ የተፈጠሩ ናቸው። የምንመረምረው ችግር ግን መብራት በሚጠፋበትና በሚመለስበት በማንኛውም ሥፍራ ሊያጋጥም የሚችል እውነተኛ የቴክኒክ ችግር ነው።

የሰኞ ማለዳ ገጠመኝ

በምናባችን ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰርቨር አለ። በሰርቨሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው የተነጠሉ ሦስት ክፍሎች ተደራጅተዋል። በመጀመሪያው ክፍል የሕሙማን መዝገብ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ፣ በሁለተኛው አዳዲስ ሠራተኞች የሚለማመዱበት የዳታቤዙ ቅጂ፣ በሦስተኛው ደግሞ የካርድ ክፍሉ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ይሠራል። በልምምዱ ቅጂ ውስጥ ያሉት ሕሙማን የፈጠራ ስሞች ናቸው።

ሰኞ ማለዳ መብራት ጠፍቶ ከ40 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ አረንጓዴ መብራቶቻቸውም በሩ። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ግን «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት አወጣ። ወረፋው እየረዘመ በመሄዱ ባለሙያው ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሣው። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሁሉም እፎይ አለ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ሠራተኛዋ ስማቸውን ብትፈልግ አጣችው።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ታክመው ያውቃሉ?»

«እንዴታ ልጄ! ፔኒሲሊን አይስማማዎትም ተብሎ ካርዴ ላይ የተጻፈው እዚሁ አይደለም እንዴ?»

ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ ከፍታ ማሳለፍ ትችል ነበር። ነገር ግን ከእርሳቸው በፊት ለቀረቡ ሁለት ነባር ሕሙማን እንደዚሁ አዲስ ካርድ መክፈቷን አስታወሰችና ባለሙያውን ጠራች። ሦስት ነባር ሰዎች በተከታታይ ከመዝገብ ሊጠፉ እንደማይችሉ ገምታ ነበር። ግምቷም ትክክል ነበር፤ ፕሮግራሙ የተገናኘው ከእውነተኛው ዳታቤዝ ጋር ሳይሆን ከልምምዱ ቅጂ ጋር ነበር።

እንግዲህ በአንድ ማለዳ ሁለት ብልሽቶች ደርሰዋል። አንደኛው ራሱን በግልጽ ያሳየ ሲሆን ሁለተኛው ጤነኛ መስሎ የቀረበ ነው። የሁለቱም ምንጭ አድራሻ ነው። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የኮምፒውተር አድራሻ ምን እንደሆነ እንመልከት።

ለመሆኑ የኮምፒውተር አድራሻ ምንድን ነው?

በመረብ ላይ ያለ ማሽን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት አድራሻዎች አሉት። የመጀመሪያው ማክ አድራሻ የሚባለው ሲሆን የመረብ ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው ባለ48 ቢት ቁጥር ነው። ሁለተኛው አይ.ፒ. አድራሻ ነው። በሰፊው የሚሠራበት የአይ.ፒ. ቨርዥን 4 አድራሻ 32 ቢት ርዝመት ያለው ሲሆን እንደ 192.168.1.10 በመሳሰሉ፣ ከ0 እስከ 255 በሚደርሱ አራት ቁጥሮች ይጻፋል። በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት አድራሻዎች ብዛት 4,294,967,296 ነው።

ይህ ቁጥር ከዓለም ሕዝብ ብዛት ያነሰ በመሆኑ ለሁሉም ሊበቃ አልቻለም። የዓለም አቀፉ ማዕከላዊ ክምችት የመጨረሻ ድርሻዎች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ለአምስቱ የአህጉራት አከፋፋዮች ተሰጥተው አልቀዋል። ከአምስቱ አንዱ መቀመጫው በሞሪሸስ የሆነውና ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካን የሚያገለግለው አፍሪኒክ ነው።

እጥረቱ አስቀድሞ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1996 የወጣ የኢንተርኔት ሰነድ ማንኛውም ድርጅት በግቢው ውስጥ ያለ ፈቃድ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ ሦስት የግል አድራሻ ክልሎችን ለየ። እነርሱም ከ10.0.0.0 እስከ 10.255.255.255፣ ከ172.16.0.0 እስከ 172.31.255.255 እንዲሁም ከ192.168.0.0 እስከ 192.168.255.255 ያሉት ናቸው። የአሠራሩ ሐሳብ ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በከተማችን የቤት ቁጥር በየወረዳው፣ ቀደም ሲልም በየቀበሌው፣ ለብቻው የሚቆጠር በመሆኑ ተመሳሳይ የቤት ቁጥር በሁለት ወረዳዎች ሊገኝ ይችላል። ወረዳዎቹ እስከተለያዩ ድረስ ችግር የለም። በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ቤቶች አንድ ቁጥር ቢይዙ ግን ደብዳቤው ለማን እንደሚደርስ ማንም አያውቅም።

ሁለቱን የአድራሻ ዓይነቶች የሚያገናኘው አርፕ የተባለው ደንብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1982 በዴቪድ ፕላመር ተጽፎ ወጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ማሽን «192.168.1.10 የማን ነው?» ብሎ በግቢው ላሉት ሁሉ ይጣራል። የአድራሻው ባለቤት «የእኔ ነው፤ ማክ አድራሻዬም ይኸውና» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው መልሱን በማስታወሻው ይይዛል፤ ለምሳሌ ፍሪቢኤስዲ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ማስታወሻው በመደበኛው እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። ደንቡ የመላሹን ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ የለውም፤ «እኔ ነኝ» ያለ ሁሉ ይታመናል።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። አይ.ፒ. አድራሻ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር እንደ አዲስ የሚያደርገው ስምምነት ነው። ስምምነቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ የሌሎችንም መነሣት ይፈልጋል። መብራት ሲመለስ የሚፈጠረው ትርምስ መነሻው ይኸው ነው።

የተነጠሉ ክፍሎች

አንድ ሰርቨር ብዙ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ የአንዱ ሥራ ብልሽት ወደ ሌላው እንዳይዛመት ሥራዎቹን ለያይቶ ማስቀመጥ የቆየ ፍላጎት ነው። በዩኒክስ ሥርዓት አንድን ፕሮግራም በተወሰኑ ፋይሎች ብቻ የመወሰን ዘዴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2000 በወጣው ፍሪቢኤስዲ 4.0 ደግሞ በዴንማርካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ፖል-ሄኒንግ ካምፕ የተሠራው «ጄይል»፣ ትርጉሙም እስር ቤት ማለት ነው፣ ለአገልግሎት በቃ። በጄይል ውስጥ ያለ ፕሮግራም የራሱን ፋይሎች፣ የራሱን ተጠቃሚዎችና የተመደበለትን አይ.ፒ. አድራሻ ብቻ ያያል። በሊነክስም ተመሳሳይ የመነጠያ ዘዴዎች ከዳበሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር «ኮንቴይነር» በሚል ስም አሠራሩን በሰፊው አስተዋወቀ።

ሁለቱ ዘዴዎች በአድራሻ አሰጣጥ ይለያያሉ። በመደበኛው ጄይል የተነጠለው ክፍል የራሱ የመረብ ካርድ የለውም፤ በአስተናጋጁ ማሽን ካርድ ላይ ከሰፈሩት አድራሻዎች አንዱን ይዋሳል። ስለሆነም አድራሻው በአስተናጋጁ ላይ አስቀድሞ ካልሰፈረ በጄይሉ ውስጥ ያለው አገልግሎት ሊቆምበት የሚችል ሥፍራ አያገኝም። በተጨማሪም የአስተናጋጁ አገልግሎቶች በአድራሻዎች ሁሉ ላይ የሚያዳምጡ ከሆነ፣ የጄይሉ አገልግሎት ባልተነሣ ጊዜ ለጄይሉ የመጣውን ጥሪ አስተናጋጁ ራሱ ሊቀበለው ይችላል። የጓደኛን በር አንኳኩቶ አከራዩ ወጥቶ እንደመመለሱ ያለ ነው።

በዶከር ግን አስተናጋጁ በውስጡ በሶፍትዌር የተሠራ ማገናኛ ያቋቁማል፤ ይህም ብሪጅ ይባላል። በመደበኛው አደረጃጀት አስተናጋጁ 172.17.0.1 የሚለውን አድራሻ ይይዛል። ከዚያም ቀድሞ ለተነሣው ኮንቴይነር 172.17.0.2፣ ለቀጣዩ 172.17.0.3 እያለ በአነሣሣቸው ቅደም ተከተል ያድላል። አንባቢ ይህን ቅደም ተከተል ያስታውስልን፤ የማለዳው ሁለተኛ ብልሽት ቁልፍ በዚህ ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

መብራት ሲመለስ በክሊኒኩ የሚሆነውን በሰከንድ እንከታተል።

ሰርቨሩ በተገናኘበት ስዊች እንጀምር። ስዊቾች በመካከላቸው ክብ መስመር ተፈጥሮ መልእክት ያለ ማቋረጥ እንዳይዞር የሚጠነቀቁበት ደንብ አላቸው። የደንቡን ስልት በ1985 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ራዲያ ፐርልማን ናቸው። በመጀመሪያው መደበኛ አሠራር አንድ ኬብል ሲሰካ ስዊቹ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ደግሞ የጎረቤቶቹን አድራሻ ይማራል። በእነዚህ 30 ሰከንዶች ውስጥ መብራቱ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተጠቃሚ መልእክት አያሳልፍም። አዳዲስ ስዊቾች ፈጣን አሠራር ቢኖራቸውም በአሮጌው ደንብ የሚሠሩም አሉ።

በእነዚሁ ሰከንዶች ሰርቨሩ አድራሻ ይጠይቃል። አድራሻ አዳዩ ደንብ ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. ይባላል፤ በአሁኑ ወቅት የሚታወቅበት ሰነድ እ.ኤ.አ. በማርች 1997 የወጣ ነው። ሥራው በአራት ቃላት ይጠቃለላል። ማሽኑ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ይላል፤ አዳዩ «ይህን ውሰድ» ይላል፤ ማሽኑ «እሺ፣ እርሱን ስጠኝ» ይላል፤ አዳዩም «ጸድቋል» ብሎ ይዘጋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ማሽኑ ወዲያው ደጋግሞ አይጮህም። ሰነዱ በምሳሌነት ባስቀመጠው አሠራር መሠረት በመጀመሪያ 4 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያም 8፣ ቀጥሎ 16፣ ቀጥሎም 32 ሰከንድ እያደረገ ዕረፍቱን በእጥፍ ያሳድጋል። ስለዚህ ጥያቄዎቹ የሚላኩት በዜሮኛው፣ በ4ኛው፣ በ12ኛው፣ በ28ኛውና በ60ኛው ሰከንድ አካባቢ ነው።

እስቲ ሁለቱን ስሌቶች እናገናኛቸው። የስዊቹ በር የሚከፈተው በ30ኛው ሰከንድ ነው። የሰርቨሩ የመጀመሪያ አራት ጥያቄዎች ግን ከ30ኛው ሰከንድ በፊት ተልከው ጠፍተዋል፤ አራተኛው ያመለጠው በ2 ሰከንድ ብቻ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ በ60ኛው ሰከንድ ይላካል። ስለሆነም በሩ ከተከፈተ በኋላ ሰርቨሩ ለተጨማሪ ግማሽ ደቂቃ ያለ አድራሻ ይቆያል። አንዳንድ ማሽኖች በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጠው በ169.254 ከሚጀምረው ክልል አንድ አድራሻ በዘፈቀደ ለራሳቸው ይሰጣሉ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ማሽኑ አድራሻ ለምኖ ያጣ ነው» ብሎ ሊያነበው ይችላል።

የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም ደግሞ በ192.168.1.10 ላይ እንዲያዳምጥ ታዝዟል። በ20ኛው ሰከንድ ተነሥቶ አድራሻውን ለመያዝ ሲሞክር በማሽኑ ላይ እንዲህ ያለ አድራሻ የለም። ሙከራው ይከሽፋል፤ ፕሮግራሙም ይቆማል። ከ40 ሰከንድ በኋላ አድራሻው ሲመጣ የሚጠብቀው የለም። የመጀመሪያው ብልሽት እነሆ ይህ ነው። ዘግይቶ የመጣ ባለሙያ ሲመረምር አድራሻውም፣ ኬብሉም፣ ስዊቹም ደኅና ሆነው ስለሚያገኛቸው ግራ ይጋባል።

በአይ.ፒ. ቨርዥን 6ም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። እዚያ አንድ አዲስ አድራሻ ሌላ ባለቤት እንደሌለው እስኪረጋገጥ ድረስ «ጊዜያዊ» ተብሎ ይቆያል፤ ምርመራው በመደበኛው 1 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ አድራሻውን ለመያዝ የቸኮለ ፕሮግራም ይወድቃል። እንደገና ሲሞከር ግን ይሠራል።

ሁለት መልእክቶች፣ ሁለት በሽታዎች

በዚህ ጊዜ ማሽኑ በመዝገቡ የሚጽፋቸው ሁለት የስህተት መልእክቶች በቀላሉ ይምታታሉ። አንደኛው «የተጠየቀውን አድራሻ መስጠት አልተቻለም» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን መለያ ቁጥሩ በሊነክስ 99፣ በፍሪቢኤስዲ 49 ነው። ሁለተኛው «አድራሻው በሥራ ላይ ነው» የሚለው ነው፤ ቁጥሩም በሊነክስ 98፣ በፍሪቢኤስዲ 48 ነው።

ቁጥሮቹ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያው «ቤቱ ገና አልተሠራም» ይላል፤ መፍትሔውም መጠበቅ ወይም አድራሻውን ማስፈር ነው። ሁለተኛው «ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ» ይላል፤ መፍትሔውም በዚያው ማሽን ላይ አድራሻውንና የአገልግሎት ቁጥሩን የያዘውን ፕሮግራም ፈልጎ ማግኘት ነው። በክሊኒኩ መዝገብ ላይ የተገኘው 99 ቁጥር ነበር።

አራቱ ጥያቄዎች

ልምድ ያለው ሐኪም የሕመሙን ታሪክ ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ የመረብ ባለሙያም ማሽኑን አጥፍቶ ከማስነሣቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ። አጥፍቶ ማስነሣት ችግሩን ሊሸፍነው፣ በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማኅደር የነበረውንም ማስረጃ ሊያጠፋው ይችላል።

አንደኛ፣ መስመሩ ሕያው ነውን? እዚህ የሚጠየቀው መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ብቻ አይደለም። ስዊቹ መልእክት ማሳለፍ የጀመረበት ሰዓት ከሰርቨሩ መነሻ ሰዓት ጋር መነጻጸር አለበት። የኮምፒውተሩ የሰዓት ባትሪ የደከመ ከሆነ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚመዘገበው ሰዓት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሊነክስ ከርነል ከተነሣ ጀምሮ የሚቆጥራቸውን ሰከንዶች መከተል የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ አድራሻው በእርግጥ ሰፍሯልን? የማሽኑን አድራሻዎች ዝርዝር አውጥቶ ማንበብ ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አዳዩ አልተገኘም ማለት ነው። የመረቡን ወሰን የሚያሳየው ማስክም መታየት አለበት። ለምሳሌ በፍሪቢኤስዲ፣ በአንድ ካርድ ላይ ከአንድ መረብ ተጨማሪ አድራሻ ሲሰፍር የተጨማሪው ማስክ 255.255.255.255 እንዲሆን ይመከራል። ይህ ሲዘነጋ የመልእክት አቅጣጫ ይዛባል።

ሦስተኛ፣ አድራሻው የእርሱ ብቻ ነውን? ከሌላ ማሽን ሆኖ የአርፕ ማስታወሻውን ማየትና የተመዘገበው ማክ አድራሻ የሰርቨሩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለት ማክ አድራሻዎች እየተፈራረቁ ከታዩ አንድን ቁጥር ሁለት ማሽኖች ይዘዋል። ይህ በተለይ አንድ ዝግጁ ማሽን ተገልብጦ ሁለተኛ ማሽን ሲሠራ ያጋጥማል፤ ቅጂው የዋናውን መለያ ቁጥር እንደያዘ ስለሚነሣ አዳዩ ሁለቱን እንደ አንድ ደንበኛ ሊቆጥራቸው ይችላል።

አራተኛ፣ በአድራሻው ላይ የሚመልሰው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መልስ መገኘቱ ብቻ ደስ ስለሚያሰኝ መላሹን የሚመረምር አይገኝም። የክሊኒኩ ባለሙያም የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር።

የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም ዳታቤዙን በስም ሳይሆን 172.17.0.2 በሚለው ቁጥር እንዲፈልግ ተጽፎለት ነበር። ሥርዓቱ መጀመሪያ ሲተከል ዳታቤዙ ቀድሞ ስለተነሣ ይህ ቁጥር የእርሱ ሆነ። ሰርቨሩ ከእንደገና ሲነሣ ግን ኮንቴይነሮቹ የሚነሡት በአንድ ላይ እየተሽቀዳደሙ ነው። በዚያ ሰኞ የልምምዱ ቅጂ ቀድሞ 172.17.0.2ን ወሰደ፤ እውነተኛው ዳታቤዝ 172.17.0.3 ሆነ። ቅጂው የዋናውን የይለፍ ቃል ይዞ የተዘጋጀ በመሆኑ በሩን የሚዘጋበት ምክንያት አልነበረም። ፕሮግራሙ አንኳኳ፤ ተከፈተለት፤ የሦስት ሰዎችንም ጉዳይ ከማያውቃቸው መዝገብ ጠየቀ። ከእነዚህ ሁለቱ አዲስ ካርዳቸው በፈጠራ ስሞች መካከል ተመዘገበ።

መከላከያው ምንድን ነው?

ችግሩ የቅደም ተከተል ችግር እንደመሆኑ መከላከያውም ከዚያው ይነሣል።

በመጀመሪያ፣ ለሰርቨር አድራሻው የታወቀና የማይለወጥ መሆን አለበት። ይህ በራሱ በሰርቨሩ ላይ በቋሚነት በመጻፍ ወይም በአዳዩ ዘንድ በማክ አድራሻው በማስያዝ ይፈጸማል። በቋሚነት የሚጻፈው አድራሻ አዳዩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጪ መሆኑን ማረጋገጥ ግን የግድ ነው።

ቀጥሎ፣ አገልግሎቱ ሰዓት ሳይሆን ሁኔታ እንዲጠብቅ ማድረግ ይገባል። አንዳንዶች «ከተነሣህ በኋላ 30 ሰከንድ ተኛ» የሚል ትእዛዝ ይጽፋሉ። ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት 30 ሰከንድ ሊያንስ ይችላል፤ ነገ ስዊቹ ሲለወጥ ደግሞ ከንቱ ይሆናል። የሚሻለው «አድራሻው እስኪሰፍር ጠብቅ፤ ካልተሳካልህም ደግመህ ሞክር» ማለት ነው። በሊነክስ የማስነሻ ሥርዓቶች ውስጥ «የመረብ ሥራ ተጀምሯል» እና «መረቡ ዝግጁ ሆኗል» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። አገልግሎትን ከመጀመሪያው ጋር አቆራኝቶ የሁለተኛውን ውጤት መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው።

ሦስተኛው መከላከያ የተነጠሉ ክፍሎች እርስ በርስ በስም እንዲፈላለጉ ማድረግ ነው። በዶከር ተጠቃሚው ለራሱ በሚያቋቁመው መረብ ውስጥ እያንዳንዱ ኮንቴይነር በስሙ ሊጠራ ይችላል። ቁጥሩ ቢቀያየርም ስሙ ወደ ትክክለኛው ክፍል ይመራል። መንገደኛችን የቤት ቁጥር ሳይዝ «ጳውሎስ» ብሎ በመሳፈሩ ብቻ የፈለገበት እንደደረሰው ማለት ነው። የግቢውን የአድራሻ ክልል ሲመርጡም በ172.17 የሚጀምረውን መተው ይበጃል፤ ያለበለዚያ የውስጡና የውጪው መረብ አንድ ቁጥር ይጋራሉ።

በአራተኛ ደረጃ የልምምድ ቅጂ ከእውነተኛው የተለየ የይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል። ተለይቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ማለዳ ፕሮግራሙ በግልጽ ይወድቅ ነበር። በግልጽ የወደቀ ሥርዓት ወረፋ ያስረዝማል፤ ጤነኛ መስሎ የሚሳሳት ሥርዓት ግን የሕሙማንን ታሪክ ያጠፋል። ስለሆነም አንድ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተገናኘው ዳታቤዝ እውነተኛው መሆኑን በውስጡ ከተቀመጠ ምልክት ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

በመጨረሻም ዩ.ፒ.ኤስ. ለሰርቨሩ ብቻ መግዛት በቂ አይደለም። ሰርቨሩ ባይጠፋም ስዊቹና አድራሻ አዳዩ ከጠፉ ብቻውን በጨለማ የሚናገር ሰው ይሆናል። እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች የሚወስዱት ኃይል አነስተኛ በመሆኑ በዚያው ዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ሥርዓቱ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ዳታቤዙ ተቀድቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሆን ተብሎ ሁሉም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ተነሥተው መሞከር አለበት። እያንዳንዱን ማሽን ለየብቻ አስነሥቶ የተደረገ ፍተሻ የማለዳውን እሽቅድምድም አያሳይም።

ለተማሪ አንባብያን

ይህን በራሳችሁ ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሊነክስና ዶከር የተጫኑበት አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። በመደበኛው ብሪጅ ላይ ሁለት ኮንቴይነሮችን አስነሡና አድራሻቸውን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ሁለቱንም አቁሙና ቅደም ተከተላቸውን ገልብጣችሁ አስነሡ። አድራሻዎቹ ሲለዋወጡ ታያላችሁ። ቀጥሎም አንድ አገልግሎት በማሽኑ ላይ በሌለ አድራሻ እንዲያዳምጥ አዝዙትና የሚመጣውን መልእክት አንብቡ፤ 99 ቁጥር በምን ምክንያት እንደሚመጣ በተግባር ትገነዘባላችሁ።

በምናባችን ክሊኒክ ባለሙያው ስህተቱን ካገኘ በኋላ ፕሮግራሙን አቆመ። በልምምዱ ቅጂ ውስጥ በስህተት የተመዘገቡትን ሁለት ካርዶች ከሠራተኛዋ ጋር አንድ በአንድ እየለየ ወደ ትክክለኛው መዝገብ መለሰ። ዳታቤዙንም በስሙ እንዲፈለግ አደረገ። ከዚያ የእማማ ካርድ ተከፈተ፤ ስለ ፔኒሲሊን የተጻፈው ማስጠንቀቂያም በቦታው ነበር። ብልሽቱን በመጀመሪያ ያወቀው መሣሪያ አልነበረም፤ «ይህ ሰው ነባር ነው» ብላ የማያ ገጹን መልስ የተጠራጠረችው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። እኛም መብራት በተመለሰ ጊዜ አረንጓዴውን ብርሃን ካየን በኋላ «የመለሰልኝ ማን ነው?» ብለን መጠየቅን ልማድ እናድርግ።